ከማሞቂያው ፊት የቆመው ጣውላ

ትልቋ ልጅ በርጩማ ላይ ቆማ ቀጭኑን ቴርሞሜትር ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ማሞቂያ አፍ ሥር ይዛዋለች። ከታች ለቀስተኞቹ ኮታቸውን እንደ ለበሱ፣ የሻይ ብርጭቋቸውን በሁለት እጃቸው አቅፈው አንጋጠው ያዩአታል።

«ትኩሳት አለው እንዴ?» አለች ወፍራሟ ጎረቤት።

ሁለት ሦስት ሰው ሊስቅ ቃጥቶት ነበር፤ የለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው አፉን በብርጭቆው ሸፈነ።

«ትኩሳትማ በኖረው» አለች ትልቋ ልጅ። ቁጥሩን ሁለቴ አነበበችው። ሃያ ሁለት ዲግሪ። ከዚህ አፍ የሚወጣው አየር ቢያንስ ሠላሳ አምስት መሆን ነበረበት። ይህን የምትለው ከመሬት ተነስታ አይደለም። በምትኖርበት ከተማ የክትባት መጋዘን ኃላፊ ናት፤ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ የማቀዝቀዣዎችን ሙቀት እየለካች መዝግባለች። ይህንንም ማሞቂያ ገዝታ ያስገጠመችው እሷ ናት፤ አምና፣ የአባቷ ሳንባ ማፏጨት ሲጀምር።

አባቷ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። የሐኪሙ ወረቀት የሳንባ ምች ይላል። የተኛበት ክፍል ስንት ዲግሪ እንደነበር ግን ወረቀቱ አይናገርም።

«ሪሞቱ የት ነው?» አለች ከበርጩማው እየወረደች።

ጥግ ላይ የተቀመጠችው የእንጀራ እናቷ እጇን ሹራቧ ኪስ ከትታ ሪሞቱን አወጣች።

«ኪስዎ ውስጥ ምን ይሠራል እትዬ?»

«ሰው እየተቀመጠበት ይጫነዋል ብዬ ነው ልጄ።»

ጠዋት ትልቋ ልጅ ሃያ ስድስት ላይ አድርጋው ነበር። አሁን አሥራ ስምንት ይላል። መልሳ ከፍ አደረገችውና ግማሽ ሰዓት ጠብቃ እንደገና በርጩማው ላይ ወጣች። ሃያ ሦስት። እንግዲያው ጥፋቱ የሪሞቱ ብቻ አይደለም። ስትወርድ የእንጀራ እናቷ ማሞቂያውን ሳይሆን የጓሮውን በር ስታይ አገኘቻት። ዓይኖቻቸው ሲጋጠሙ ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ምንም ያልነካውን ቀሚሷን አራገፈች።

ትልቋ ልጅ ይህንንም መዘገበችው።

ጠርጣራነት በቤቱ የተወረሰ ነገር ነው። አባቷ ዕድሜውን የጨረሰው የገበያ ሚዛን ሲመረምር ነው፤ ሰዉም «ሚዛኑ» ይለው ነበር፤ ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው። ልጅ ሳለች አንዳንድ ቀን አስከትሏት ይሄዳል። አንድ ሥጋ ሻጭ ዘንድ የሆነውን አትረሳውም። አባቷ የናሱን ክብደቶች ከቦርሳው አውጥቶ አንድ በአንድ ደረደረ፣ መዘነ፣ ትክክል ሆነ። ሻጩ እጁን አፋተገ። አባቷ ግን አልሄደም፤ የሻጩን ዓይን አየና ጣቱን ከሳህኑ ሥር ሰዶ ትንሽ ማግኔት ይዞ ወጣ። ወደ ቤት ሲመለሱ «የሚዋሸው ሚዛን ነው፤ የሚያፍረው ግን ሰውየው ነው። ስለዚህ ሚዛኑን ተይና የሰውየውን ዓይን እይ» አላት።

አሁን የምታየው የአንዲት ሴት ዓይን ነው።

ከሰዓት በኋላ አጎቷ ወጥ ቤት ድረስ ተከትሏት መጣ። የአባቷ ታናሽ ነው፤ ሲያንሾካሹክ እንኳ ከጎረቤት የሚሰማ ድምፅ አለው።

«ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዘመድ ይሰበሰባል» አላት። «ወንድሜ ‹ቤቱን እስክትሞት ትኑርበት› ብሏል ትላለች። ወረቀት የለ፣ ምስክር የለ። ታናናሾችሽም ‹እሷ ያለችው ይሁን› ብለው ደውለዋል። እንግዲህ አንቺ እሺ ካልሽ ትኖራለች፤ እምቢ ካልሽ ወደ ዘመዶቿ ትሄዳለች።»

«ዘመድ አላት እንዴ ጋሼ?»

«የአክስት ልጅ አለኝ ትል ነበር፤ ይኑር አይኑር እንጃ።» ፔርሙዙን ነቅንቆ ባዶ መሆኑን አረጋገጠና አስቀመጠው። «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ከኔ ሰማሁ እንዳትይ። ባለፈው ልጠይቀው መጥቼ፣ እሱ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተቀምጧል፤ እሷ ሪሞቱን ይዛ ታወርዳለች። በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት።»

«አባዬ ምን አለ?»

«ምን ይላል? ሽማግሌ ሚስቱ እጅ ላይ ነው።»

ትልቋ ልጅ በየሳምንቱ እሑድ ትደውል ነበር። «ቤቱ ይሞቃል ወይ አባዬ?» ስትለው «ይበቃል» ይላት ነበር። ያኔ ቃሉን አልመረመረችውም። አሁን ብርጭቆ እያጠበች ሳለ ተመለሰላት፤ አንድም ቀን «ይሞቃል» ብሏት አያውቅም።

ያን ምሽት ሳይጨልም የቻለችውን ሁሉ ፈተሸች። ሪሞቱ የፀሐይዋን ምልክት ያሳያል፤ ልክ ነው። ኃይል አለ። ክዳኑን ከፍታ ፊልተሩን አወጣች፤ በአቧራ ታፍኖ አገኘዋለሁ ብላ ነበር፤ እንደ ታጠበ ሸሚዝ ንጹሕ ሆኖ አገኘችው።

«በየቅዳሜው ነው የማጥበው» አለች የእንጀራ እናቷ ከኋላዋ። መቼ እንደ መጣች አልሰማቻትም። «አባትሽ በብሩሽ አትንኪው ብሎኝ በእጄ ነው።»

ይህ ነገር ሚዛኑን ትንሽ አናጋባት። አስቦ የሚያበርድ ሰው ፊልተር አያጥብም። ወይስ የሚያጥበው ለዚሁ ነው? ሻጩም እኮ ሳህኑን ወልውሎ ነበር።

«የውጭውን ሳጥን ማየት አለብኝ። የጓሮው ቁልፍ የት ነው?»

«ጠፍቷል።»

«መቼ?»

«በግርግሩ።» ዓይኗን አላነሳችም። «ለቅሶው ይለፍ ልጄ። ሰው ሊያዝንልን መጥቶ እኛ ማሽን ስንፈታ ይየን?»

«ሰውማ እየተንቀጠቀጠ ነው የሚያዝንልን» አለች ትልቋ ልጅ። «ነገ ጠዋት ባለሙያ ይመጣል።»

በሦስተኛው ቀን የመጣው ባለሙያ ቀጭን፣ ንግግር የሚወድ ሰው ነበር። ጫማውን በር ላይ አውልቆ «ነፍስ ይማር» አለ፤ እጁን ከማሞቂያው ሥር ዘርግቶ ቆየና ከንፈሩን መጠጠ።

«ከውስጥ ምንም የለበትም እህቴ። በሽታው ከደጅ ነው።»

«ቁልፍ የለም።»

«ቁልፉን በመጋዝ እንቆርጠዋለን፤ ምን ችግር አለው።»

የእንጀራ እናቷ ተነሳች። እጇን ወደ ደረቷ ሰድዳ በክር የታሰረ ቁልፍ አወጣችና መዳፍ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ወፍራሟ ጎረቤት አጎትየውን በክርኗ ነካ አደረገችው። አጎትየው ራሱን ነቀነቀ።

ጓሮው ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መተላለፊያ ነው። በአንዱ በኩል የቤቱ ግድግዳና የማሞቂያው ሳጥን፣ በሌላው በኩል ፊት ለፊቱ የጎረቤቱ ሰዓት ሠሪ ሱቅ ጀርባ፤ ከሱቁ አንዲት ትንሽ መስኮት ወደዚህ ትከፈታለች። ሳጥኑ ግን አይታይም ነበር። ከፊቱ፣ ስንዝር ተኩል ያህል ራቅ ብሎ፣ ከሱ የሚበልጥ ጣውላ በብረት እግር ቆሟል። ባለሙያው በጎን አጮልቆ አየና ፉጨት ሊያወጣ ሲል ተወው።

«ነይ እይ።»

ሳጥኑ በረዶ ለብሷል። የጀርባው መረብ እጅ በሚያህል ነጭ ግግር ተደፍኗል።

«ይኸውልሽ» አለ፤ «ይህ ማሽን እሳት አያነድም። ደጅ ያለውን አየር ይስባል፣ ከብርዱም ውስጥ ቢሆን ያለችውን ሙቀት ነጥቆ ቤት ያስገባታል፣ የተረፈውን ቀዝቃዛ አየር በዚህ በፊቱ ይተፋል። ፊቱ ላይ ጣውላ ካቆምሽበት የተፋው ተመልሶ አፍንጫው ውስጥ ይገባል። የራሱን ብርድ መልሶ እየሳበ ይኖራል፤ በረዶ ይሠራል፤ ይታፈናል። ጤነኛ ማሽን ነው፤ አንቀውት ነው።»

«በስህተት ሊቆም ይችላል?»

«በስህተት?» ብሎኖቹን በጣቱ ቆጠረ። «እህቴ፣ ይህን ያቆመው ሰው ውኃ ልክ ተጠቅሟል።»

ጣውላውን ፈቱት። ባለሙያው በረዶውን ለማቅለጥ ውኃ ሊያመጣ ሲገባ እሷ ጣውላውን ብብቷ ሥር ይዛ ተከተለችው። ብሎኖቹ በመዳፏ ውስጥ ነበሩ፤ እስኪወጓት ጨብጣቸዋለች። ለቀስተኞቹ መሃል ገብታ ቆመች።

«እትዬ፣ ይህን ማሞቂያው ፊት ያቆመው ማን ነው?»

የእንጀራ እናቷ ጣውላውን አየች፤ ከዚያ ሰዉን አየች። ፊቷ አልተለወጠም።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ሰማችሁ አይደል?» አለ አጎትየው። «በአፏ ነው። ሰው ሳንባውን ታሞ በተኛበት ቤት! እንግዲህ ዘጠኝ ሰዓትን ምን እንጠብቃለን?»

«ለምን?» አለች ትልቋ ልጅ።

«ጩኸቱ ረብሾኝ ነው።»

ይኸው፤ ያለችው ሆነላት። ሁለት ቀን ሙሉ የፈለገችው ማግኔት ጣቷ ላይ መጣ። እንደዚያን ቀኑ ሥጋ ሻጭ ግን የሴትዮዋ ዓይን አላፈረም፤ ትክ ብሎ ያያታል፤ የሚለምናት ነገር ያለ ይመስላል። ትልቋ ልጅ ጣውላው ከብዷት መሬት አስነካችው፤ ሲዞር ወደ ማሞቂያው የነበረው ገጹ ወደሷ መጣ።

በእርሳስ ተጽፎበታል። ቀጥ ያለ መሥመር ከላይ እስከ ታች ወርዶ ገጹን ለሁለት ከፍሎታል። ከላይ በአንዱ ዓምድ «ቤት» ይላል፤ በሌላው «የሱ መስኮት»። ከሥሩ ቀን፣ ሰዓት፣ ዲግሪ። የአራትን ቁጥር ወገብ ሁለት ጊዜ አጥፎ የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ ታውቃለች፤ አባቷን።

ያለ ጣውላ፤ ቤት ሃያ አራት፣ የሱ መስኮት ሁለት። ጣውላው በስንዝር፤ ቤት አሥራ አራት፣ መስኮት ስምንት። በሁለት ስንዝር፤ ቤት ሃያ፣ መስኮት አራት። አሥራ አንድ መሥመር ነው። በእያንዳንዱ መሥመር ጣውላው ጥቂት ይጠጋል፣ ጥቂት ይርቃል። የመጨረሻው ቤት አሥራ ሰባት፣ መስኮት ሰባት ይላል፤ አጠገቡም ክብ ውስጥ የገባች ሰረዝ አለች። አባቷ ትክክል ሆኖ ያገኘው ሚዛን ላይ የሚመታት ምልክት ናት። ቀኑ ሆስፒታል ከመግባቱ ሦስት ሳምንት በፊት ነው።

ጽሑፉን ወደ ግድግዳው አዞረችና ጣውላውን አስደገፈችው።

«እትዬ፣ ወጥ ቤት አንዴ ይምጡ።»

ወጥ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ።

«አነበብሽው» አለች የእንጀራ እናቷ።

«ሰዓት ሠሪው? ከሁሉ ሰው ሰዓት ሠሪው?»

አባቷና ሰዓት ሠሪው አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም። አባቷ የእጅ ሰዓቱን ለጽዳት ሰጥቶት ሲመለስ በቀን አራት ደቂቃ መዘግየት ጀመረ፤ «የሰዓቴን ሆድ ዕቃ ለወጠብኝ» ብሎ ሰው በተሰበሰበበት ሌባ አለው። ሰውየው ማለ፣ ተገዘተ፤ አባቷ ወይ ፍንክች። ከዚያ ወዲህ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ዞሮ ግድግዳ ያያል። ለቅሶም አልመጣም፤ ትናንት ሲታማ ሰምታለች።

«ሰዓቱ አልዘገየም ነበር» አለች የእንጀራ እናቷ ዝግ ብላ። «አባትሽ የሚያስተያየው ከመሥሪያ ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ጋር ነበር። የሚሮጠው የግድግዳው ነው። ይህን ያወቀው ጡረታ በወጣ ዓመት፣ የግድግዳውን ሲያስጠግኑ ነው። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። ሁለት ጊዜ ይቅርታ ሊለው ሄዶ ‹ሱቁ ዝግ ነው› ብሎኝ ተመለሰ። የሱቁ መብራት እኮ ከዚህ ይታያል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አንቺ ማሞቂያውን ላክሽ። ደስ አለው። አንድ ቀን በጓሮ ሲያልፍ ሰዓት ሠሪው ሽማግሌ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ያሞቃል። ያችን የምታህል የሰዓት ብሎን በደነዘዘ ጣት እንዴት ትያዝ? የኛ ማሽን ብርዱን የሚተፋው ልክ እሱ ላይ ነው። አባትሽ ገባና ‹የሱን ሙቀት ነው የምሞቀው› አለኝ። በማግስቱ ጣውላ ገዛ።»

«ሪሞቱስ?»

«ከፍ ሲል ፋኑ ይበረታል፤ ብርዱ በጣውላው ላይ ይዘላል። እሱ ነው ያስተማረኝ።»

«ለምን አልነገሩኝም? ሰው ሁሉ ፊት ‹እኔ ነኝ› ይላሉ! ከቤት ሊያስወጡዎት ነበር እኮ። እኔ ራሴ ላስወጣዎት ነበር።»

«‹ለማንም እንዳትናገሪ፤ ሚዛኑ ተሸነፈ ይሉኛል› ብሎ አስምሎኛል።» ሹራቧን ሰበሰበች። «አፈር በገባ በሦስተኛው ቀን ቃሉን ልብላ?»

ትልቋ ልጅ መዳፏን ከፍታ ብሎኖቹን አየች።

«አሥራ ሰባት ዲግሪ ለሱ ሳንባ ይበቃ ነበር?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ?» አለች ሴትዮዋ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ተሰበረ። «ሁለት ጊዜ ነቅዬዋለሁ። ሁለት ጊዜ እያሳለው ወጥቶ መልሶታል።»

ወደ ሳሎኑ ሲመለሱ ባለሙያው በረዶውን አቅልጦ ማሽኑ እንደ አዲስ ይሠራ ነበር። ቤቱ ሞቋል። ወፍራሟ ጎረቤት ኮቷን አውልቃ በብርጭቆ ማስቀመጫው ታራግባለች።

«ጋሼ» አለች ትልቋ ልጅ፤ «ስብሰባው ይቅር። አባዬ እንዳለው እትዬ እስክትሞት እዚሁ ትኖራለች።»

«አሁን እኔ ነኝ አላለችም እንዴ?»

«አለች። ዋሽታ ነው።»

«ምን ማለት ነው ዋሽታ?»

«በኔ ይሁንብዎ ጋሼ። ከዚህ በላይ አይጠይቁኝ።»

አጎትየው አንዴ እሷን፣ አንዴ ሴትዮዋን አየ፤ ሁለቱን በአንድ ወገን ቆመው አይቶ አያውቅም። ሻይ ቅዱልኝ አለ።

ጓሮ ስትወጣ ባለሙያው መሣሪያውን እየሰበሰበ ነበር። የማሽኑ ትንፋሽ ፊቷን እንደ ጥፊ መታት። የሰዓት ሠሪው መስኮት ተዘግታ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ጨርቅ ተጋርዶባታል።

«አየሩን ወደ ሰማይ የሚመልስ ነገር የለም?» አለችው።

«አለ እንጂ፤ ከቆርቆሮ የሚታጠፍ። ፊቱን አይደፍንም። ነገ ሠርቼ አመጣዋለሁ።»

«እስከ ነገ ጣውላውን እመልሰዋለሁ።»

«ይበርዳችኋል እኮ።»

«ኮት አለን።»

ባለሙያው ትከሻውን ሰብቆ፣ የዛሬ ለቅሶ ቤት አይገባኝም በሚል ፊት ሄደ። የእንጀራ እናቷ ጣውላውን ይዛ መጣች። መስኮቷ ስትንቋረር ሁለቱም ዞሩ። ሽማግሌው አንገቱን በሻርፕ ጠምጥሟል፤ ማጉያ መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነው።

«አነሳችሁት እንዴ?» አለ።

«ልንመልሰው ነው አባባ።»

«እንግዲህ እውነት ለመናገር…» ጉሮሮውን ጠረገ። «ሚዛኑ ፊቴን ላለማየት ነው ያቆመው። ይሁን። ለክፋት ያቆመው ለኔ በጀኝ፤ እጄ ሥራ ያዘ። ለቅሶም መድረስ ነበረብኝ፤ እግሬ እምቢ አለኝ። ነፍሱን ይማር።»

ትልቋ ልጅ አፏን ከፈተች። የእንጀራ እናቷ እጅ ክንዷ ላይ አረፈ፤ አልያዛትም፣ አረፈ ብቻ። አፏን መልሳ ዘጋችው።

«ብሎን መፍቻ ይኖርዎታል?» አለች።

ሽማግሌው ጥቂት ፈልጎ ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ትልቁን ካቻቢቴ በመስኮቱ አቀበላት። ትልቁ የሚባለው ከእርሳስ አይበልጥም። ቆሞ ማየት ስላፈረ መስኮቱን ገርበብ አድርጎ ወደ ውስጥ ተመለሰ፤ የወንበሩ ድምፅ ተሰማ።

ጣውላውን ከሁለት ወገን አነሱት። የእንጀራ እናቷ እንደ ድሮው፣ ጽሑፉን ወደ ማሽኑ አድርጋ ልታቆመው ስትል ትልቋ ልጅ በበኩሏ ያለውን ጫፍ ይዛ አዞረችው። ዓምዶቹ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሴትዮዋ ቁጥሮቹን አየች፣ መስኮቷን አየች። ትልቋ ልጅ ብሎኑን ቀዳዳው ላይ አኑራ በትንሿ ካቻቢቴ ማዞር ጀመረች። ሴትዮዋ ጣውላውን እንዳይወድቅ በደረቷ ደገፈችው፤ ከዚያ የመጨረሻው መሥመር ላይ ያረፉትን ጣቶቿን አንድ በአንድ አንሥታ ጠርዙን ያዘች።